«ሆዴ» ከማሲንቆ እስከ ካሴት፤ የቁልምጫ ቃላት ታሪክ በአማርኛ ዘፈን



በዘፈኖቻችን ላይ ዘወትር የሚሰነዘር አንድ ወቀሳ አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዘመኑ ዘፈን «ሆዴ»፣ «ፍቅሬ»፣ «ውዴ»፣ «ዓለሜ» ከማለት በቀር ቁም ነገር የለውም፤ ቃላቱ ከመደጋገም ብዛት አልቀዋል፤ የቀድሞው ግጥም ግን ፍሬ ያለው ነበር ይባላል። ወቀሳው የአድማጭ ብቻ ሆኖ ቢቀር የታሪክ ተመራማሪን ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን ወደ ጥናታችንም ገብቷል። የዘፈን ግጥም ለታሪክ ምንጭነት ስንጠቀም የቁልምጫ ቃላቱን እንደ ገለባ እያበጠርን እንጥላለን፤ አለዚያም በተቃራኒው እያንዳንዱን «ፍቅሬ» የአገር ምስጢራዊ ስም አድርገን እንተረጉማለን። ሁለቱም መንገድ ያሳስተናል የሚል ነው ዛሬ የማቀርበው ክርክር።

ድግግሞሹ አዲስ አይደለም፤ በማሲንቆው ዘመንም ነበረ። የተለወጠው የቃሉ ሥራ ነው። ሥራውንም የለወጠው ዘፈን ከዘፋኙ አፍ ወደ አድማጩ ጆሮ የሚደርስበት መንገድ እንደ ሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በቃላቱ እንጀምር። ከአማርኛ የቁልምጫ ቃላት መካከል በተለይ የሚደንቁት ከሰውነት ክፍል የተወሰዱት ናቸው፤ ሆዴ፣ አንጀቴ፣ ዓይኔ፣ አካሌ፣ ገላዬ። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው «ሆዴ» የሚለው ቃል በቀጥታ ቢተረጎምለት ግር ይለዋል። ለእኛ ግን ሆድ የምግብ ቋት ብቻ አይደለም። ምስጢር የሚቀመጠው በሆድ ነው፤ ቂምም እንዲሁ። ሰው ሲያዝን «ሆዴ ባባ» ይላል፤ ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ ነው። ተስፋ ለቆረጠ ሰው ደግሞ «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» የሚል ተረት አለን። አንጀትም የርኅራኄ ቤት ነው፤ የሚያሳዝን ነገር አንጀት ይበላል፤ የልብ የደረሰ ዕለት አንጀት ቅቤ ይጠጣል። ስለዚህ አፍቃሪ የሚወዳትን «ሆዴ» ሲል ምስጢሬ ያለው አንቺ ዘንድ ነው፣ ኀዘኔም የሚሰማኝ በአንቺ በኩል ነው ማለቱ ነው። ይሁንና ያው ሆድ ሆዳምንም ይወልዳል፤ ለሆዱ ያደረ ሰው ወዳጁን ይሸጣል። ቅኔ የለመደ ጆሮ ይህን ሁለተኛ ፊት ይሰማዋል፤ «ሆዴ» የሚለው ጥሪ ሰምና ወርቅ ለመሆን የሚጎድለው ትንሽ ነው።

«ዓለሜ» የሚለውም እንዲሁ ከላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ዓለም በአማርኛ ምድርንና ሕዝብን ብቻ አይናገርም፤ ተድላንም ይናገራል። ዓለሙን የሚቀጭ ሰው ዓለምን የሚዞር መንገደኛ አይደለም፤ ተደላድሎ የተቀመጠ ባለጸጋ ነው። እንግዲህ «ዓለሜ» የተባለችው ሴት የዘፋኙ ደስታ ናት እንጂ የዘፋኙ ምድር ናት ለማለት ብዙ መረጃ ያስፈልጋል። የዘመድ ስሞችም አሉ። «እቴ» ማለት እኅቴ ማለት ነው፤ ወንድ የሚወዳትን ሴት እኅቴ ብሎ መጥራቱ ደግሞ በመኃልየ መኃልይ ውስጥም የምናገኘው ጥንታዊ ልማድ ነው። የማዕረግ ስሞችን፣ የማርና የወለላን ነገር ለጊዜው ልለፈው።

አንድ የሰዋስው ነገር ግን ማለፍ አልችልም። በአማርኛ የባለቤትነት ምልክቱ በተነባቢ ለሚጨርስ ስም «ኤ»፣ በአናባቢ ለሚጨርስ ስም ደግሞ «ዬ» ነው፤ ሆድ ሆዴ ይሆናል፣ አበባ አበባዬ ይሆናል። ሕጉ ይህ ሆኖ ሳለ «እናትዬ»፣ «ዓለምዬ»፣ «አልማዝዬ» እንላለን። «እናቴ» የወለደችኝ ናት፤ «እናትዬ» ግን የሦስት ዓመት ሕፃን ልትሆን ትችላለች። «ዬ» ከባለቤትነት ተላቅቆ ራሱን የቻለ የፍቅር ምልክት ሆኗል ማለት ነው። ቃሉ ምንም ይሁን ምን፣ «ዬ» ከተቀጠለበት ጥሪ ይሆናል። የቁልምጫ ቃል ዋና ሥራም ይኸው ነው፤ መሰየም ሳይሆን መጥራት።

ጥሪ ደግሞ ተጠሪ ይፈልጋል። በአዝማሪ ቤት ተጠሪው እዚያው ተቀምጧል።

አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በእንግዶች መካከል ይዞራል፤ እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ያቀብለዋል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይመልሰዋል፤ ወዲያውም ከራሱ ይጨምርበታል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሳያቆም ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የቁልምጫ ቃላት ያላቸውን ጥቅም ለማየት የግጥሙን ልክ ማወቅ ይበቃል። የወል ቤት በሚባለው የግጥም ዓይነት እያንዳንዱ ስንኝ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ይይዛል። «ሆዴ» ሁለት ቀለም ነው፤ «ዓይኔ»ም ሁለት፤ «አካሌ» ሦስት፤ «ወለላዬ» አራት። አራት ቀለም ያለው ሐሳብ የመጣለት ዘፋኝ «ሆዴ»ን ጨምሮ ሐረጉን ይሞላል፤ ሁለት ቀለም ብቻ የመጣለት «ወለላዬ» ይላል። ከዚህም ሌላ ቃላቱ ቤት ለመምታት የተመቹ ናቸው። «ሆዴ» ከ«ዘመዴ»፣ ከ«ልማዴ»፣ ከ«መንገዴ»፣ ከ«አንዴ»ና ከ«ዘዴ» ጋር ይገጥማል፤ «ዓይኔ» ደግሞ ከ«ወገኔ»፣ ከ«ዘመኔ»፣ ከ«ኀዘኔ»፣ ከ«እኔ» ጋር። ስለ ስንብት፣ ስለ ባዕድነት፣ ስለ ዕድሜ ለሚዘፍን ሰው ከዚህ የተሻለ ስንቅ ከየት ይገኛል?

በሌላ አገር ይህን የመሰለ ነገር ያጠኑ ሰዎች አሉ። ሚልማን ፓሪና ተማሪው አልበርት ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዩጎዝላቪያ እየዞሩ ጉስሌ የተባለውን፣ እንደ ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር መሣሪያ የሚጫወቱ ዘፋኞችን ድምፅ ቀርጸዋል። ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በሆሜር ግጥም የምናገኛቸው ተደጋጋሚ ቅጽሎች በቃል የሚገጥም ሰው መሣሪያዎች ናቸው፤ ድግግሞሹ የችሎታ ማነስ አይደለም። ሐሳቡ ለእኛም ይጠቅማል፤ ልዩነቱን ግን አልዘልለውም። የሆሜር ቅጽል የሚቀጠለው በሩቅ ዘመን ለኖረ ጀግና ነው። የአዝማሪው «ሆዴ» የሚነገረው ግን ፊት ለፊት ለተቀመጠ፣ ምናልባትም ብር አውጥቶ በግንባሩ ላይ ሊለጥፍለት ለተዘጋጀ ሰው ነው። አዝማሪው ዓይኑን ወደ አንዲት እንግዳ አዙሮ «ሆዴ» ሲል ቃሉ እሷን ያዘ፤ ዞር ብሎ ባለጠጋውን ሲያይ ያው ቃል ባለጠጋውን ያዘ። ቃሉ ባዶ ነው ለማለት አይቻልም፤ የሚሞላው ከቤቱ ውስጥ ነው።

ጥሪ በዘፈናችን ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ለማየት ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች የአንዱን ስም ማስታወስ ይበቃል። ባቲና አምባሰል በወሎ ያሉ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ትዝታ የስሜት ስም ነው፤ አራተኛው ግን «አንቺ ሆዬ» ይባላል። የድምፆች አቀማመጥ በሙሉ በአንዲት ሴት መጠሪያ ተሰይሟል። ሌላ የሙዚቃ ባህል ቅኝቱን «አንቺ ሆይ» ብሎ ይጠራ እንደ ሆነ አላውቅም፤ እኔን ግን ዘወትር ይደንቀኛል።

ከዚህ ቤት የወጣው ዘፈን የገባው ወደ ሸክላና ወደ ቴአትር ቤት ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። የሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዜም ለሚያድር ዘፋኝ ይህ ጠባብ በር ነው። ከዚህም የባሰው ነገር ከቀንዱ ፊት ማንም አለመቀመጡ ነው። ቀጥሎ በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመረቀ፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ተስፋፉ። በእነዚህ ቤቶች ግጥም በወረቀት ይጻፋል፤ ዜማ በሌላ ሰው ይደረሳል፤ ዘፋኙ ይለማመዳል። ስንኝ የሚሞላበት ጊዜ በቂ ነው። የቁልምጫ ቃላት እንግዲህ ሥራ ፈትተው በቀሩ ነበር፤ ነገር ግን አልቀሩም።

በእኔ አመለካከት በዚህ ወቅት «ፍቅሬ» ከሌሎቹ ቀድሞ የወጣበት ምክንያት ይታወቃል። ፍቅር በቀደመው ጽሑፋችን በብዛት የቤተ ክህነት ቃል ነው፤ ፍቅረ እግዚአብሔር፣ ፍቅረ ቢጽ፣ በወቀሳም ፍቅረ ነዋይ ይባላል። ማኅበሩ ሲቋቋም ደግሞ ቃሉ ከአገር ጋር ተጋብቶ የቤት ስም ሆነ። እንደ ሆድና አንጀት ሥጋ የለውም፤ ስለዚህ ከየት መጣ ተብሎ በማይጠየቅ፣ በከተማ ሰውና በመኮንኖች ፊት በሚያፍር መድረክ ላይ ይመቻል። ቤት ሲመታም ከ«አገሬ»፣ ከ«ምስጢሬ»፣ ከ«ሰፈሬ»፣ ከ«ዛሬ» ጋር ይገጥማል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ታላቁን ልብ ወለዳቸውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲሉ ቃሉ ያለ አገርና ያለ እግዚአብሔር ብቻውን ለመቆም ደርሶ ነበር።

እዚህ ላይ የሰዋስውን ጉዳይ እንደገና ላንሣ። አማርኛ ሁለተኛውን መደብ ሲያነጋግር ጾታን ይለያል፤ «መጣህ» ወይም «መጣሽ» ሳይል አያልፍም። የቁልምጫ ቃል ግን አይለይም፤ «ሆዴ»ና «ፍቅሬ» ለወንድም ለሴትም ናቸው። በወረቀት የተጻፈ ግጥም ከወንድ ዘፋኝ ወደ ሴት ዘፋኝ ሲሸጋገር ግሡ ይለወጣል፤ ጥሪው እንዳለ ይቀራል። ክራሯን ይዛ የራሷን ስንኝ ትደረድር የነበረችው አስናቀች ወርቁ ከሌላው የምትለየው በዚህ ነው፤ ስንኙ የራሷ ስለ ነበረ የምትጠራው ሰው ከሌላ ብዕር አልተዋሰላትም።

ይህ ጾታንም ስምንም የማይለይ ጠባይ ብዙ ያከራከረንን ጥያቄ ይወልዳል፤ «ፍቅሬ» ማን ነው? በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት የመራው የክብር ዘበኛ ጦር ነበር፤ የጦሩ ኦርኬስትራ አባል የነበረው ጥላሁን ገሠሠም ከዚያ በኋላ ታስሯል። ከዚያ ወዲህ የፍቅር ዘፈን ውስጥ ፖለቲካ መፈለግ የአድማጭ ልማድ ሆነ። በደርግ ዘመን ግጥም አስቀድሞ ለሳንሱር ይቀርብ ስለ ነበር ልማዱ በረታ። ሳንሱር ስም ያድናል፤ ቦታ ያድናል፤ «ሆዴ» ላይ ግን የሚይዘው ነገር የለም። አደባባዩ ሰውን ሁሉ «ጓድ» በሚልበት ዘመን «ሆዴ» ብሎ መጥራት ራሱ የተለየ ድምፅ ነበረው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ የዘመኑን የፍቅር ዘፈን ሁሉ ምስጢራዊ የተቃውሞ ሰነድ ማድረግ ለታሪክ ጸሐፊ አይፈቀድም። ጥሪው ስም የለሽ መሆኑ የሚያስረዳው አድማጩ የፈለገውን ሰው ሊያስገባበት ይችል እንደ ነበረ ብቻ ነው፤ ገጣሚው ማንን እንዳሰበ አያስረዳም። እናቱ ሊሆን ይችላል፤ የታሰረ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ ፍቅረኛም ሊሆን ይችላል። ለሁለተኛው ትርጉም ማስረጃ የሚፈለገው ከጥሪው አይደለም፤ ከግሡ፣ ከቦታው፣ ዘፈኑ ከተሰማበት ቀንና አድማጮቹ በዚያን ጊዜ ከጻፉት ወይም ካወሩት ነው። ይህ ማስረጃ ሲገኝ በደስታ እንቀበለው። ሳይገኝ ግን «ፍቅሬ»ን አገር ነው ማለት የእኛን ምኞት በሌላ ሰው አፍ ማስቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ካሴቱ ልምጣ፤ የወቀሳው እውነተኛ ምንጭ እዚህ ይመስለኛል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር አንድ ሸክላ የሚይዘው ሁለት ዘፈን ነበር። ካሴት ሲመጣ ግን አንድ ዘፋኝ በአንድ ጊዜ አሥር ያህል ዘፈን ማቅረብ አለበት፤ እንደ ሮሃ ባንድ ያሉ ጥቂት ባንዶች ለብዙ ዘፋኞች ያጅባሉ፤ ለአዲስ ዓመትና ለፋሲካ መድረስ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ዜማው አስቀድሞ ተሠርቶ ግጥሙ በላዩ ይለብሳል። እንደ ይልማ ገብረአብ ያሉ ገጣሚዎች የሠሩት ሥራ ብዛት የሚያስገርመው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሲታይ ነው። ዜማው ሁለት ድምፅ ሲተርፈው «ሆዴ» ይገባል። አዝማሪውን በቅጽበት ያስጨነቀው የጊዜ እጥረት በሌላ መልክ ተመለሰ፤ አሮጌዎቹ መሣሪያዎችም አብረው ተመለሱ።

ነገር ግን አንድ ታላቅ ልዩነት ነበረ። አዝማሪው አንድ ምሽት ሠላሳ ጊዜ «ሆዴ» ቢል ሠላሳዎቹም የተለያዩ ናቸው፤ ዓይኑ፣ ትንፋሹ፣ የተጠራው ሰው ይለያያል። ካሴቱ ግን ያንኑ «ሆዴ» በዚያው ትንፋሽ ሺህ ጊዜ ይመልሰዋል። በታክሲ፣ በሻይ ቤት፣ በጎረቤት መስኮት በኩል ለማንም ያልተነገረ ጥሪ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። የሚያደክመን መደጋገሙ ሳይሆን ሳይለወጥ መደጋገሙ ነው። ቃሉን ያስረጀው ገጣሚው አይደለም ባልልም፣ ከገጣሚው ይልቅ መሣሪያው እንደ ሆነ አምናለሁ።

ካሴቱ ቃሉን አስረጅቶ ብቻ አልቀረም። በዚያው ዘመን ብዙ ሰው ወደ ሱዳን፣ ወደ ዓረብ አገሮች፣ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ቤተሰብ ድምፁን በካሴት ቀርጾ እንደ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ የዘፈን ካሴትም በዚያው ሻንጣ ይሄዳል። በካርቱም ወይም በዋሽንግተን የሚኖር ሰው «ናፍቆቴ» የሚለውን ጥሪ ሲሰማ የሚያስገባበት ሰው ለመፈለግ አይቸገርም። ለአዲስ አበባው አድማጭ የተሰለቸ ቃል ለስደተኛው ሙሉ ነበር። «ቃሉ አልቋል» የሚል ፍርድ ለማን እንዳለቀ ካልተናገረ ያልተጨረሰ ፍርድ ነው።

ስለ «ቤቢ» ሳልናገር ብወርድ ከተማሪዎቻችን መካከል የሚያዝን ይኖራል። ቃሉን አልወደውም፤ «ማሬ» እያለ «ሃኒ» የሚለውንም እንዲሁ። ነገር ግን ውጭ አገር በቀል ስለ ሆነ ብቻ የምንነቅፈው ከሆነ ክርክራችን ደካማ ነው። «ቤቢ» የሚያሳጣን ነገር ሌላ ነው። በስንኝ መጨረሻ ሲቀመጥ በቀላሉ ቤት የሚመቱለት «ግቢ»፣ «ቅረቢ»፣ «አስቢ» የመሳሰሉ ለሴት የሚሰጡ ትእዛዞች ናቸው። «ሆዴ» ከዘመድና ከመንገድ ጋር ሲገጥም የነበረው ቦታ በትእዛዝ ይሞላል። ይህን አስተውላችሁ ዘፈኖቹን ብትሰሙ ሴትን የሚያዝዘው ድምፅ ለምን እንደ በዛ ቢያንስ አንዱን ምክንያት ታገኛላችሁ።

በመጨረሻ የምናገረው ስለ ራሳችን ሥራ ነው። የቃል ግጥም ታትሞ ስናገኝ በአብዛኛው የምናገኘው ሁለት ሁለት ስንኝ ሆኖ የተጣራ ጽሑፍ ነው። አዝማቹ፣ ጥሪው፣ በሐረጎች መካከል የሚገባው «ሆዴ»ና «እቴ» ትርጉም የለውም ተብሎ ቀርቷል። በቴፕ ያለውን ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጡ ተማሪዎቻችንም ይህንኑ ልማድ ይከተላሉ፤ ቴፑ ደግሞ እያረጀ ነው፤ ነገ የሚቀረው ጽሑፉ ነው። ጉዳቱን በአንድ ትንሽ ምሳሌ ላሳይ፤ ምሳሌውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። «ቀኑ መሽቷል» የሚል ሐረግ አራት ቀለም ነው። ዘፋኙ «ሆዴ ቀኑ መሽቷል» ብሎ ስድስት አደረገው እንበል። ገልባጩ «ሆዴ»ን እንደ ማሟያ ቆጥሮ ቢያወጣው የሚቀረው ስለ ሰዓቱ የሚናገር ዐረፍተ ነገር ነው። «ሆዴ» ባለበት ግን አንድ ሰው ሌላውን እየለመነ ነው፤ መሽቷልና እደሪ ይላል፣ ወይም መሽቷልና ሳይጨልም ድረሺ። የትኛው እንደ ሆነ ከሚቀጥለው ስንኝ እንረዳለን፤ ልመና መኖሩን የነገረን ግን ያ ሁለት ቀለም ብቻ ነበር።

ለጥያቄ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላቁም።